ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩት ጋሽ ለገሠ

የጋሽ ለገሠን ማረፍ ያረዳችኝ አዴ ሩቅያ ናት። ጠዋት የሱቃችንን በር ከፍቼ ደጃፉን ውኃ ስረጭ፣ ከጊደር መጋላ ቅመም ተራ ተነሥታ፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ መጣችና ፊቴ ቆመች። ሌላ ጊዜ እሷ ሳትታይ ድምፅዋ ይደርሳል። ያን ዕለት ግን ዝም ብላ አየችኝ።

«ያ ግድግዳ የሚያየው ሰውዬሽ ሄደ» አለችኝ በመጨረሻ። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።»

ሆስፒታል ከገቡ ዐሥረኛ ቀናቸው ነበር፤ ስለዚህ ዱብ ዕዳ ነው ማለት አልችልም። እኔ ግን ደጃፉን ረጭቼ ጨረስኩ። ለምን እንደጨረስኩ ዛሬም አላውቅም። አዴ ሩቅያም እስክጨርስ ጠበቀችኝና አብረን ወደ ለቅሶው ሄድን።

«ግድግዳ የሚያየው ሰውዬ» የሚለው ለማያውቃቸው ስድብ ይመስላል። ሐረር መቼም ቅጽል ስም ሳታወጣ ሰው አታሳልፍም። ጋሽ ለገሠ ግን ስሙን ይወዱት ነበር። እንዴት እንዳገኙት ለመናገር መጀመሪያ ስለ ሱቋ መናገር አለብኝ።

ሱቃችን ከፈረስ መጋላ አደባባይ ዝቅ ብላ፣ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር፣ ወደ መኪና ግርግር በሚወስደው መንገድ አፍ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አላት። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ቅጽ እንሞላለን፣ ኢሜይል እንከፍታለን። ከሰዓት በኋላ ከተማው ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ሲቀመጥ መንገዱ ጭር ይላል። ከታች የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ ካፊያ፣ እያንቀላፉ የሚሰሙት ዓይነት። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በበሩ ትገባና ከውስጠኛው ኮምፒውተር ጎን ያለውን ግድግዳ ታገኘዋለች። ግድግዳው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የተቀባ ነው። ካላንደር እንኳ አልተሰቀለበትም።

ደንበኛው የይለፍ ቃሉን የሚያስገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጋሽ ለገሠ ይነሣሉ። ረጅምና ቀጭን ሰው ናቸው። ቡናማ ሹራባቸውን ወደ ታች ጎተት ያደርጉና ወደ ግድግዳው ይሄዳሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይቆማሉ፤ የተቀጣ ተማሪ ነው የሚመስሉት። ደንበኛው ይጽፋል። የቁልፎቹ ድምፅ ሲያቆም፣ ካሉበት ሳይነቃነቁ፣

«ልዙር?» ይላሉ።

«ይዙሩ ጋሽ ለገሠ።»

ካልተፈቀደላቸው አይዞሩም። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን መልእክት አንብበው፣ ደስ ብሏቸው፣ መርቀው ወጡ፤ ጋሽ ለገሠን ግድግዳው ላይ ረስተው። እኔ ምሳዬን በልቼ ስመለስ እንደቆሙ አገኘኋቸው።

«ኧረ ጋሼ! ሰውየው እኮ ሄደዋል።»

«ሄዱ?» አሉኝ። «እኔማ ረጅም ነገር ይጽፋሉ ብዬ።»

እኔንም አስለመዱኝ። ደንበኛ ጣቱን ወደ ቁልፎቹ ሲያነሣ «ሰናይት፣ አንቺም» ይሉኛል፤ ሁለታችንም ጎን ለጎን ግድግዳ እናያለን። መጀመሪያ ሳቄ ይመጣ ነበር። ኋላ ኋላ ግን ያችን ደቂቃ መውደድ ጀመርኩ። ከጀርባዬ የሰው ጣት ሲሄድ እሰማለሁ፤ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ቆም እያለ ያስባል፣ አንዱ መንገድ ስቶ ይመለሳል። ሰውየው ከኋላዬ ርቆ ርቆ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ዓይኔን ከጨፈንኩ እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ ወዴት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ጋሽ ለገሠ እንዲህ ሆነው አልተወለዱም። ይኼ ልማዳቸው የመጣው ከአንድ ትልቅ ስሕተታቸው ነው፤ ስሕተቱን ደግሞ ከማንም በፊት ራሳቸው ያወሩት ስለነበር ባወራው አይከፉብኝም።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። «ፋይሉ የባለቤቱ ነው፤ የኛ መደርደሪያው ብቻ ነው» ይሉ ነበር፤ ፋይል የሚባል ነገር በሌለበት ጉዳይ ሁሉ ሳይቀር። ሱቁን ሲከፍቱ እኔን በጸሐፊነት ቀጠሩኝ። ሰው ኢሜይል ሊያስከፍት ይመጣል፦ ልጁ ጂዳ ያለ፣ ለፓስፖርት ቀጠሮ የሚይዝ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚመዘገብ። እንከፍትለታለን፣ ይሄዳል። ከወር በኋላ ይመጣና «ፓስወርዴ ምን ነበር?» ይለናል። እኛም አናውቅ፣ እሱም አያውቅ።

ጋሽ ለገሠ በመዝገብ ቤት ጭንቅላታቸው መላ መቱ። ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ሰጡ፤ የሱቋን ስምና የተከፈተችበትን ዓመት። «ቤታችሁን ትረሱ እንደሁ እንጂ ይኼን አትረሱም» ይሏቸዋል። ብትረሳም ችግር የለም፤ ጎረቤትህን ትጠይቀዋለህ፤ የሱም ያው ነው። ጀጎል ውስጥ የቤት ቁልፍ ጎረቤት ዘንድ ማስቀመጥ የኖረ ነገር ነውና ማንም አልገረመው። ጋሽ ለገሠማ ኩራታቸው ልክ አልነበረውም። ባንኩም ስልኩም ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ሰው ያችኑ ቃል ለሁሉም አደረጋት። የእኔም እሷው ነበረች፤ ምን ልዋሽ።

ከዚያ የአዴ ሩቅያ ነገር መጣ። አዴ ሩቅያ አንቱታ አትወድም፤ እኔ እንኳ ልጇ የምሆነው አንቺ ካላልኳት ትቆጣለች። ነጂማ የምትባል ልጇ ጂዳ አግብታ ትኖር ነበር፤ በኢሜይል ነበር የሚጻጻፉት። አንድ ጠዋት ቅመም ተራ ውስጥ አንዲት ሴት መጥታ፣ «ነጂማ ከባሏ ተለያየች አሉ፤ አላህ ይተካላት» አለቻት። ነጂማ ይኼን የጻፈችው በኢሜይል ለእናቷ ብቻ ነበር፤ አዴ ሩቅያም ለማንም አልተናገረችም። ባሏ የልብ ሕመምተኛ ነበርና ለሱ እንኳ ቀን እየመረጠችለት ነበር። ባልየው ወሬውን ያን ዕለት ከሰው አፍ ሰማ።

ሱቃችን የመጣችው በማግሥቱ ነው። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለን ነበር።

«ለገሠ» አለች። «እኔ የቤቴን ቁልፍ ላንተ ሰጠሁህ። አንተ ለስንት ሰው ሰጠህ?»

ጋሽ ለገሠ መሬት መሬት አዩ።

«ለሁሉም» አሉ።

«ወላሂ ሌባ ቢገባብኝ ይሻለኝ ነበር። ሌባ ዕቃ ነው የሚወስደው።»

ማን እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ማንም ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉ በእያንዳንዱ ደንበኛችን እጅ ነበር። ለብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ፣ እሱ ይሆን? እያልኩ ፊቱን አይ ነበር። ያ ነው የከፋኝ፤ ከተማዬን የማይበት ዓይን ተበላሸብኝ።

ሱቋ ሦስት ቀን ተዘጋች። በአራተኛው ቀን ጋሽ ለገሠ ሳይላጩ መጡ። ያችን የመዝገብ ቤት አመላቸውን አልተዉም ነበርና የደንበኞቻችን ስምና ሰፈር ሁሉ በአንድ ወፍራም መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«በየቤቱ ልንሄድ ነው ሰናይት።»

«ይኼ ሁሉ ሰው ጋ? ጋሼ፣ ማስታወቂያ ብንለጥፍስ?»

«ስሕተቱን በየቤቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። የምሰበስበውም በየቤቱ ነው።»

ሄድን። ከጠዋት እስከ ምሳ፣ አሮጌ ላፕቶፕ በዘንቢል ይዘን። በየቤቱ እየገባን ሰው ፓስወርዱን እንዲቀይር እንለምናለን፤ ሲጽፍ ጋሽ ለገሠ በፊታቸው ወዳገኙት ግድግዳ ይዞራሉ። የሠርግ ፎቶ ያለበት ግድግዳ፣ ስፌትና ሳሕን የተደረደረበት የአደሬ ቤት ግድግዳ፣ የጭቃ ግድግዳ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው። «የሐረርን ግድግዳ እንደኔ ያየ ሰው የለም» ይሉኝ ነበር በመንገዳችን ላይ።

ግን ሥራው አልያዘም። ኮምፒውተሩ ቁጥርም ምልክትም ትልቅ ፊደልም ጨምሩ ይላል፤ ሰው ይጨምራል፤ ከዚያ እንዳይረሳው ይጽፈዋል። አንዷ ስኳር ቆርቆሮዋ ላይ ጻፈችው። አንድ ዲያቆን ዳዊቱ ኅዳግ ላይ፣ በቀይ ቀለም። ያልጻፈው ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ሱቃችን ደጃፍ ላይ ነው።

ከረሱት ሁሉ የባሱት ኦቦ ሙሜ ነበሩ፤ የሶፊ ጫት ገበሬ፣ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ያለ። ለሦስተኛ ጊዜ ረስተው ሲመጡ ጋሽ ለገሠ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ኦቦ ሙሜ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት!»

«አቦ ለገሠ፣ ከየት አምጥቼ ላስታውሳት?» አሉ ኦቦ ሙሜ፤ እሳቸውም ተቆጡ። «እኔ አልተከልኳት! ኮምፒውተሩ ነው የተከላት። ከማሳዬ እስከ ኤረር በር ያለውን መንገድ ጠይቀኝ፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑና ጀመሩ። የዘመመችው ሾላ። አህያቸው የወደቀችበት ድልድይ። አንዲት ሴትዮ ውኃ የከለከለቻቸው ጉድጓድ። ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ፤ እዚያው መንገዱ ላይ ያሉ መሰለኝ፤ የሱቋ አየር ራሱ የጠዋት ጤዛ የሸተተኝ መሰለኝ። ጋሽ ለገሠ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። ድንገት ተስፈንጥረው ተነሡ።

«በቃ! ለኔ አትንገረኝ! ጻፈው!» አሉና ወደ ግድግዳው ሮጡ።

ኦቦ ሙሜ በገዛ ኦሮምኛቸው፣ በዝግታ፣ ቃል ከቃል አያይዘው ጻፉት። ከዚያ በኋላ ረስተው አያውቁም።

ትምህርቱ ከዚያ ወጣ። ጋሽ ለገሠ ለሰው ሁሉ የሚሉት እንዲህ ነበር፦ በልብህ የምታውቀውን አንድ መንገድ ያዝ። አራት አምስት ቦታ ቁም። በየቦታው ካንተ በቀር ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር አንሣ። ቃሎቹን በተራ ጻፋቸው፤ በአማርኛህ፣ በአደሬህ፣ በኦሮምኛህ፣ በላቲን ፊደል። የልጅህን ስም ተው፤ የልጅህን ስም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የተወለድክበትንም ዓመት ተው። ቃሉ ረጅም ይሁን እንጂ እንግዳ አይሁን። ለባንኩ፣ ለስልኩ፣ ለኢሜይሉ አንዱን ቃል ደግመህ አታድርግ፤ «ሁለት በር የሚከፍት ቁልፍ ቁልፍ አይደለም፣ መዶሻ ነው።» ታዲያ ያ ሁሉ በር እንዴት ይታወሳል ላላቸው ደግሞ፣ ፓስወርዶችን ቆልፎ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አግኝተው «የቁልፍ ሣጥን» ብለው ሰይመውት ነበር። ሣጥኑ ለእያንዳንዱ በር የተለየ ቁልፍ ይይዝልሃል። አንተ የምታስታውሰው የሣጥኑን መክፈቻ ብቻ ነው፤ እሱ ነው መንገድህ።

«መንገዱን ግን ሂዱበት» ይሉ ነበር። «በወር አንዴም ቢሆን በእግራችሁ ሂዱበት። ያልተሄደበት መንገድ ሣር ያበቅላል።»

ሰውም ይሄድ ነበር። እኔ ካየሁት ነገር ሁሉ ሕልም የሚመስለኝ ይኼ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ጥላው በባለቀለም ግድግዳዎቹ ላይ ሲረዝም፣ በጀጎል ጠባብ መንገዶች ሳልፍ ሰው ቀስ ብሎ ሲሄድ አያለሁ። አንድ ጡረተኛ መምህር ማዕዘን ላይ ይቆማል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ያልፋል። አንዲት ሴት የሰው በር ላይ ቆማ ለራሷ ፈገግ ትላለች፣ ታልፋለች። ዕብድ አልነበሩም፤ መንገዳቸውን እየሄዱበት ነው። ከተማው የተረሳ ነገሩን ሁሉ ቀስ እያለ የሚያነሣ ይመስል ነበር። እኔም እንደተማርኩት ፊቴን አዞራለሁ።

ከመዝገቡ የመጨረሻዋ አዴ ሩቅያ ነበረች። ጋሽ ለገሠ ፈርተው ወደ ኋላ ገፏት። በመጨረሻ ሄድን፤ በሩ ላይ አቁማ አስጠበቀችን፤ ከዚያ አስገባችን። ላፕቶፑን ተቀብላ መጻፍ ስትጀምር ጋሽ ለገሠ ሳሕን ወደተደረደረበት ግድግዳ ዞሩ፤ እኔም አጠገባቸው። ጻፈች፣ ጻፈች፣ አቆመች።

«ልዙር?» አሉ።

ሻይ ሲቀዳ ይሰማል። ሲጠጣም ይሰማል።

«አዴ ሩቅያ፣ ልዙር?»

«ቁም» አለች።

ሻይዋን እስክትጨርስ አቆመቻቸው። ሁለተኛውንም ቀዳች መሰለኝ። ጋሽ ለገሠ ግን አልተነቃነቁም። በመጨረሻ «ዙር፤ በቃ፣ አውፍ ብዬሃለሁ» ብላ ይቅር ስትላቸው ፊታቸው እንባ ነበር። ያን ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያኔና ማርታ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው።

ማርታ አንድ ልጃቸው ናት። ጅማ መምህርት ነበረች። ጋሽ ለገሠ እስከ ሞቱ ድረስ የእጅ ባትሪ ያላትን፣ ኢንተርኔት የማታውቀውን ትንሿን ስልክ ነበር የሚይዙት፤ ስለዚህ ማርታ ድምፅዋን ቀድታ በኢሜይል ትልክላቸዋለች፤ ሱቁ ውስጥ በማዳመጫ ይሰሟታል። ከዚያ በአጭር ሕመም እዚያው አረፈች። ከለቅሶው በኋላ ድምፆቹን ሁሉ ሰብስበው የቁልፍ ሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጧቸው፤ አልፎ አልፎ ብቻቸውን ይሰማሉ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ግን አልቻሉም። አንድ ቀን ጋሽ ለገሠ ማዳመጫውን ሲዘረጉላቸው እሳት እንደቀረበበት ሰው ወደ ኋላ አሉ።

«ገና ነኝ፣ ለገሠ። ገና ነኝ።»

«እሺ» አሏቸው። «የዛን ቀን ትከፍቻታለሽ።»

«እከፍትልሻለሁ» ሳይሆን «ትከፍቻታለሽ» ነው ያሉት። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ጥሩወርቅ ሱቅ መጥተው ይወስዷቸዋል። ቤታቸው ሰንጋ በር አካባቢ ነው፤ ቀጥታ ቢሄዱ ቅርብ። እነሱ ግን ዞረው ነበር የሚሄዱት፤ የጋሽ ለገሠ ፈቃድ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ እያጉረመረሙ ይከተላሉ። «ይኼ ሰው አረጀ» ይሉኝ ነበር። «ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ወሬ! ጆሮዬ ደነቆረ።»

የጋሽ ለገሠ አርባ ከወጣ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እትዬ ጥሩወርቅ ጥቁር ለብሰው ብቻቸውን መጡ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ብዙ ጊዜ ግድግዳውን አዩ።

«ሰናይት፣ አሁን ልስማት» አሉኝ። «ሁለቱንም አጥቼ ቤቱ ጸጥ አለብኝ። የልጄን ድምፅ አሰሚኝ።»

የውስጠኛውን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ሣጥኑ ጋ ደረስኩ። መክፈቻውን ጠየቀ። እጄን ወደ ጭኔ መለስኩ።

«ክፈቺዋ እንጂ።»

«አላውቀውም እትዬ።»

«ሰባት ዓመት አብረሽው ሠርተሽ?»

«ሰባት ዓመት ግድግዳ ሳይ።»

አላመኑኝም። ፊታቸው ተለወጠ። «ለሰው ሁሉ ሲከፍት ኖሮ በሚስቱ ላይ ዘግቶ ሞተ?» አሉ። የማርታን ስም ጻፉ፤ አልከፈተም። የተወለደችበትን ዓመት ጨመሩ፤ አልከፈተም። «አባት የልጁን ስም ካልጠራ የማንን ይጠራል?» እያሉ ደግመው ሞከሩ። እውነቱን መንገር ነበረብኝ፦ ያቺ ቃል ከሌለች ሣጥኑን የሠሩት ሰዎችም ቢሆኑ አይከፍቱትም። የማርታ ድምፅ እዚያ ውስጥ ይቀራል። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። እንደዚያ የተሸነፈ ጀርባ አይቼ አላውቅም። ሱቁን መለስ አድርጌ ልሸኛቸው ወጣሁ።

በቀጥታው መንገድ የምንሄድ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሌላ መንገድ ታጠፉ።

«እትዬ፣ ቤት በዚያኛው አይደለም?»

«ቅዳሜ አይደለም እንዴ?» አሉኝ፤ እግራቸው ነው የመራቸው።

አንድ ማዕዘን ላይ ደርሰው ቆሙ። በምሬትም በናፍቆትም ሣቅ አሉ። «እዚህ ስንደርስ ሁልጊዜ ያቆመኝና…» ብለው ከወጣትነታቸው ዘመን አንዲት ነገር ነገሩኝ። ትንሽ ነገር ናት። ሄድን። ሌላ ማዕዘን ላይ እንደገና ቆሙ። «እዚህ ደግሞ…»

ያን ጊዜ ገባኝ። እጄን አፋቸው ላይ ጫንኩ። እኔ፣ ሰናይት፣ በታላቅ ሰው አፍ ላይ፣ በመንገድ መሐል!

«እትዬ፣ ይተዉት! አይንገሩኝ!»

ያበድኩ መሰላቸው። ስለ ኦቦ ሙሜ ነገርኳቸው። መንገዱን፣ ማዕዘኑን፣ በየማዕዘኑ የሚነሣውን ነገር። አንድ ቤት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣

«ታዲያ ለምን በግልጽ አልነገረኝም?» አሉ።

«ቢነግሩዎት ይሰሙ ነበር?»

አሰቡ። «አልሰማም ነበር» አሉ። «ጆሮዬን ነበር የምይዘው።»

ከዚያ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ዐሥራ አምስት እርምጃ ከኋላ ሆነን ሄድን። ድምፃቸው እንዳይደርሰኝ ነው። የአስር ሶላት አዛን ያለቀበት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ ከግድግዳው ወደ ግድግዳው ትሻገራለች፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ነጭ። እትዬ ጥሩወርቅ ማዕዘን ላይ ይቆማሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይሄዳሉ። አጠገባቸው ለረጅም ሰው የሚበቃ ቦታ ትተው ነበር የሚሄዱት፤ እሳቸው ራሳቸው ያወቁት አይመስለኝም። ጋሽ ለገሠ አስበውበት እንደሆነ፣ ወይስ እንዲያው መንገዱን ስለሚወዱት ብቻ እንደሆነ እኔ አላውቅም። አስበውበት ነው ብዬ አምናለሁ። የትኛው መንገድ እንደሆነ አልናገርም። የሰማኋትን አንዷንም ነገር እዚህ አልጽፋትም።

ዞረን ሱቅ ተመለስን። እትዬ ጥሩወርቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ሲከፈት በማርታ ስም የተጻፈ ፋይል እንደሚያገኙ፣ እሱን እንዲጫኑት ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄድኩ።

ጋሽ ለገሠ ግንባራቸውን ያስደገፉበት ቦታ ቀለሙ ጠቁሮ ለስልሷል። እስከዚያ ዕለት ልብ አላልኩትም ነበር፤ እሳቸው ሁልጊዜ እላዩ ላይ ነበሩና። እኔ አጭር ነኝ፤ ግንባሬ እዚያ አይደርስም። ከሱ ዝቅ ብዬ አስደገፍኩ።

ከጀርባዬ በአንድ ጣት ይጽፋሉ። አንድ። ቆይቶ አንድ። ተሳሳቱ መሰለኝ፣ አጠፉት፤ እንደገና ጀመሩ። ከዚያ ዝም አለ።

«ልዙር?» አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ የሴት ልጅ ድምፅ ሱቁን ሞላው፤ ፈጠን ያለ፣ ሣቅ ሣቅ የሚል።

«አባዬ፣ እንዴት ዋልክልኝ? እማዬስ አለች? አጠገብህ ናት?»

«አለሁ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «አለሁ፣ ልጄ።»

ዙሪ ያለኝ ሰው አልነበረም። አልዞርኩም።